«አላሁ አዕለም»፦ የሙፈሲሮች አደብና የሰው ልጅ ዕውቀት ወሰን

(በሬዲዮ እስላማዊ ዝግጅት ላይ ከቀረበ ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም። ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው አላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና ፈለጋቸውን በመልካም በተከተሉት ሁሉ ላይ ይሁን።



በብዙዎቻችን ቤት የሚያጋጥም ነገር በማንሳት እንጀምር። ልጁ ከቁርአን ቤት ይመለሳል። አሊፍ ባውን ጨርሷል፣ አጫጭር ሱራዎችን ሐፍዟል፤ አሁን ሱረቱል በቀራህን ሊጀምር ነው። እራት ላይ አባቱን፣ «አባ፣ ‹አሊፍ ላም ሚም› ምን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አባት እናትን ያያል፤ እናትም አባትን ታያለች። ልጁ ግን መልስ ይጠብቃል።

በዚህ ጊዜ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው አፍ ላይ የመጣውን፣ ከዚህም ከዚያም የተሰማውን መናገር ነው። ሁለተኛው «ልጄ፣ ይህን አላህ ያውቃል» ማለት ነው። ብዙ ወላጆች ሁለተኛውን መልስ ያፍሩበታል፤ የአላዋቂ መልስ ይመስላቸዋል። እኛ ግን በዛሬው ዝግጅታችን የዚህን መልስ ታሪክ ልንነግራችሁ ነው። «አላሁ አዕለም»፣ ማለትም «አላህ የበለጠ ያውቃል» የሚለው ቃል ከኢስላም ታላላቅ ዓሊሞች አፍ የወጣ፣ በታላላቅ ኪታቦች ላይ የሰፈረ፣ የዕውቀት ምልክት የሆነ ቃል ነው። ይህን ቃል በረሱበት ቦታ ደግሞ ታላላቆቹም ሳይቀሩ መሳሳታቸውን እናያለን።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠየቁ

የዚህ አደብ መነሻ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው። በቡኻሪ በተዘገበው ሐዲስ ዐብደላህ ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ) ያዩትን ይነግሩናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዘንባባ ዱላ ተደግፈው ሲሄዱ በአይሁዶች አጠገብ አለፉ። እነሱም ስለ ሩሕ ጠየቋቸው። የአላህ መልእክተኛ ዝም አሉ። ኢብን መስዑድም ወሕይ እየወረደላቸው መሆኑን ዐወቁ። ከዚያ የወረደው የሱረቱል ኢስራእ 85ኛ አንቀጽ ነው። የሩሕ ጉዳይ የጌታዬ ጉዳይ ነው በላቸው፤ እናንተም ከዕውቀት የተሰጣችሁ ጥቂት እንጂ አይደለም የሚል መልእክት ያለው አንቀጽ ነው።

ልብ እንበል፤ ጥያቄው የቀረበላቸው ወሕይ የሚወርድላቸው ነቢይ ናቸው። ነገር ግን አልቸኮሉም፤ ከራሳቸው አልመለሱም፤ ጠበቁ። የመጣውም መልስ የሩሕን ምንነት የሚያብራራ ሳይሆን የሰውን ልጅ የዕውቀት ልክ የሚያሳይ ነበር። ጅብሪል (ዐ.ሰ) በሰው አምሳል መጥቶ ስለ ቂያማ ሰዓት በጠየቃቸው ጊዜም የመለሱት፣ በዚህ ጉዳይ ተጠያቂው ከጠያቂው የበለጠ እንደማያውቅ ነው። ከሰማይ ከመጣው መልአክና ከፍጡራን ሁሉ በላጭ ከሆኑት ነቢይ መካከል ያቺን ሰዓት የሚያውቅ አንድም አልነበረም።

የሶሐቦች ጥንቃቄ

ሶሐቦች ቁርአን በቋንቋቸው የወረደላቸው፣ ሲወርድም በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ናቸው። ይህም ሆኖ አቡ በክር (ረ.ዐ) በአላህ መጽሐፍ የማያውቁትን ከተናገሩ የትኛዋ ሰማይ እንደምትጋርዳቸው፣ የትኛዋ ምድር እንደምትሸከማቸው በፍርሃት መጠየቃቸው ተዘግቧል። ዑመር (ረ.ዐ) ደግሞ አንድ ቀን ሱረቱ ዐበሳን ሲያነቡ አላህ ከምድር ያበቀላቸው ጸጋዎች ወደተዘረዘሩበት ቦታ ደረሱ። ከፍራፍሬ ቀጥሎ «አብ» የሚል ቃል አለ። ፍራፍሬውን እናውቃለን፤ «አብ» ምንድን ነው? ብለው አሰቡ። ከዚያም ወደ ራሳቸው ተመልሰው ይህ ያልተፈለገ ድካም ነው አሉ። ዓሊሞች እንዳብራሩት ዑመር (ረ.ዐ) «አብ» ምድር የምታበቅለው ነገር መሆኑ አልጠፋቸውም። ሊያውቁ የፈለጉት የትኛው የተክል ዓይነት እንደሆነ ነው። የአንቀጹ ቁምነገር፣ ማለትም አላህን ማመስገን፣ ያንን ሳያውቁም የሚፈጸም ስለሆነ ተዉት።

በኢራቅ ምድር ደግሞ አንድ ሰው ስለ ሱረቱ ዱኻን ሲያስተምር፣ በቂያማ ቀን ስለሚመጣ ጭስ በዝርዝር ተናገረ። ይህ ለኢብን መስዑድ (ረ.ዐ) ሲነገራቸው ጋደም ብለው ነበር፤ ተቆጥተው ቀና ብለው ተቀመጡ። የሚያውቅ ይናገር፣ የማያውቅ «አላሁ አዕለም» ይበል፤ ለማያውቁት ነገር አላውቅም ማለት ራሱ ከዕውቀት ነው ሲሉ መከሩ። ከዚያ በኋላ ግን ዝም አላሉም። እሳቸው ዘንድ ያለውን ማብራሪያ ሰጡ፦ ጭሱ መካ ውስጥ ቁረይሾች በረሃብ በተመቱ ጊዜ በዓይናቸው መካከል ያዩት እንደነበር ተናገሩ። ሌሎች ሶሐቦች ደግሞ ጭሱ ገና የሚመጣ የቂያማ ምልክት ነው ብለዋል። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። የሚያውቅ ሰው ዕውቀቱን አይደብቅም፤ ያወቀ ሰው ቃልም ቢሆን የመጨረሻው ቃል ላይሆን ይችላል።

የሶሐቦችን መንገድ ጠቅልለው ያስቀመጡልን ዐብደላህ ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) ናቸው። ተፍሲር አራት ዓይነት መሆኑን አስተምረዋል። አንደኛው ዐረቦች ከቋንቋቸው የሚረዱት ነው። ሁለተኛው ማንም ሰው አላውቅም ብሎ የማያመካኝበት ነው። ሦስተኛው ዑለማዎች የሚያውቁት ነው። አራተኛው ከአላህ በቀር ማንም የማያውቀው ነው። ይህ ክፍፍል በእጃችን ይኑር፤ በመጨረሻ እንመለስበታለን።

የት ላይ እንቁም?

ውድ አድማጮቻችን፣ ይህን ጉዳይ ቁርአን ራሱ በሱረቱ ኣሊ-ዒምራን 7ኛ አንቀጽ አንስቶታል። ቁርአን ውስጥ የመጽሐፉ መሠረት የሆኑ «ሙሕከም»፣ ማለትም ግልጽ የሆኑ አንቀጾች አሉ፤ «ሙተሻቢህ» የሆኑም አሉ። ልባቸው የተጣመመ ሰዎች ፈተናን ፈልገው ሙተሻቢሁን ይከተላሉ። ቀጥሎ የሚመጣው ትርጓሜውን የሚያውቀው አላህ ብቻ መሆኑን የሚገልጽ ነው፤ ከዚያም በዕውቀት የጠለቁት ሰዎች ይወሳሉ።

አንባቢው የት ላይ ይቁም? አብዛኞቹ ሶሐቦችና ዑለማዎች የአላህ ስም ላይ መቆም ይገባል ብለዋል። በዚህ አቋቋም በዕውቀት የጠለቁት ሰዎች ሥራ ማመን ነው። የኢብን ዐባስ ተማሪ የሆኑት ሙጃሂድ ደግሞ አያይዘው አንብበውታል፤ በዚህ አነባበብ የጠለቁትም ትርጓሜውን ያውቃሉ። ሁለቱ አነባበቦች የሚጋጩ ቢመስሉም ዑለማዎች አስታርቀዋቸዋል። «ተእዊል» የሚለው ቃል የነገሩን ትክክለኛ ሁኔታና ፍጻሜ ለማለት ከሆነ፣ ለምሳሌ የቂያማ ሰዓትንና የገነትን ጸጋ እውነተኛ መልክ፣ ይህን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። የቃሉን መልእክት መረዳት ለማለት ከሆነ ግን የጠለቁት ዑለማዎች ይረዱታል። አንድ የመቆሚያ ምልክት የሰውን ልጅ ዕውቀት ጀርባና ፊት አሳየችን፦ የቃሉን ትርጉም እንማራለን፤ የነገሩን ምንነት ለባለቤቱ እንተዋለን።

የመዲናው ኢማም ማሊክ (በ179 ዓመተ ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ795 የሞቱ) ይህን በተግባር አሳይተዋል። አንድ ጊዜ 48 ጥያቄዎች ቀርበውላቸው ለ32ቱ «አላውቅም» ብለው እንደመለሱ ተዘግቧል። ከሦስት እጅ ሁለቱ ማለት ነው። በዘመናቸው ከእሳቸው የበለጠ ዓሊም ይገኛል የሚል ሰው ብዙ አልነበረም። ኸሊፋው አቡ ጀዕፈር አል-መንሱርም ሙወጦእ የተባለው ኪታባቸው በግዛቱ ሁሉ ሰው የሚገደድበት ሕግ እንዲሆን በፈለገ ጊዜ ኢማሙ አልተስማሙም። ሶሐቦች በየአገሩ ተበትነዋል፤ በየአገሩ ያለው ሕዝብም ከእነሱ የወሰደው ዕውቀት አለው፤ ሰዉን ባለበት ተዉት አሉ። የራሳቸውን ዕውቀት ወሰን ስለሚያውቁ የሌላውን ዕውቀት አልናቁም።

አጥ-ጦበሪና የአደም (ዐ.ሰ) ዛፍ

አሁን ወደ ተፍሲር ኪታቦች እንምጣ። የሙፈሲሮች አባት የሚባሉት ኢማም ሙሐመድ ኢብን ጀሪር አጥ-ጦበሪ በጦበሪስታን፣ አሙል በተባለች ከተማ በ224 ዓ.ሒ (እ.ኤ.አ. 839) ተወልደው በባግዳድ በ310 ዓ.ሒ (እ.ኤ.አ. 923) ሞቱ። ተፍሲሩን ሊያስጽፉ ሲነሱ ለተማሪዎቻቸው 30,000 ቅጠል እንደሚሆን ነገሯቸው ይባላል። ተማሪዎቹም ይህ ሳያልቅ ዕድሜ ያልቃል ቢሏቸው ወደ 3,000 ቅጠል ያህል አሳጠሩት። ይህን ያህል የሚናገሩት ያላቸው ሰው ናቸው።

ነገር ግን አደምና ሐዋ (ዐ.ሰ) እንዳይቀርቡት ወደተከለከሉት ዛፍ በደረሱ ጊዜ ምን አደረጉ? ከቀደምት ሰዎች የተላለፈውን ሁሉ መዘገቡ፦ ስንዴ ነው ያለ አለ፤ ወይን ነው ያለ አለ፤ በለስ ነው ያለ አለ። ሁሉንም ከዘረዘሩ በኋላ ውሳኔያቸው ይህ ነበር፦ አላህ በቁርአን የትኛው ዛፍ እንደሆነ አላመለከተንም፤ በትክክለኛ ሐዲስም አልመጣም፤ ስለዚህ የትኛው እንደሆነ አናውቅም። ማወቁ ለሚያውቀው አይጠቅመውም፤ አለማወቁም የማያውቀውን አይጎዳውም።

ይህ ትልቅ ሚዛን ነው። አደም (ዐ.ሰ) የተፈተነው በዛፉ ዓይነት አልነበረም፤ በትእዛዙ ነው። እኛም ነገ የምንጠየቀው ስንዴ ነበር ወይስ በለስ ተብለን አይደለም፤ የተከለከልነውን ትተን እንደሆነ ነው።

ሱዩጢ የሰረዙት መስመር

ከዚህ ቀጥሎ የምንነግራችሁ በአገራችን ደረሳዎች ዘንድ በደንብ ስለሚታወቅ ኪታብ ነው። ተፍሲር አል-ጀላለይን «የሁለቱ ጀላሎች ተፍሲር» ማለት ነው። የመጀመሪያው ጀላል፣ ጀላሉዲን አል-መሐሊ፣ በካይሮ የኖሩ ታላቅ ዓሊም ሲሆኑ ከሱረቱል ከህፍ እስከ ሱረቱ ናስ ጻፉ፤ ወደ ፊት ተመልሰው ፋቲሓን ጨመሩና በ864 ዓ.ሒ (እ.ኤ.አ. 1459) ሞቱ። ሥራው ግማሽ ላይ ቀረ። ከስድስት ዓመት በኋላ ሁለተኛው ጀላል፣ ጀላሉዲን አስ-ሱዩጢ፣ ከበቀራህ እስከ ኢስራእ መጨረሻ ድረስ ያለውን ሞሉት። በ870 ዓ.ሒ (እ.ኤ.አ. 1466) በረመዷን መጀመሪያ ቀን ጀምረው በሸዋል 10ኛው ቀን ጨረሱ፤ አርባ ቀን ማለት ነው። በጊዜው ዕድሜያቸው ሃያ አንድ ዓመት ገደማ ነበር።

ይህ ወጣት ዓሊም ሱረቱል ሒጅር ላይ ደረሱ። አላህ በአደም (ዐ.ሰ) ውስጥ ሩሕን ስለመንፋቱ የሚናገር አንቀጽ አለ። አል-መሐሊ በበኩላቸው ሱረቱ ሷድ ላይ ተመሳሳይ አንቀጽ ሲያብራሩ ሩሕን ገልጸውት ነበር፦ በሰው ውስጥ ገብቶ ሰውን ሕያው የሚያደርግ ረቂቅ አካል ነው የሚል ነበር። ሱዩጢም ቀዳሚውን ተከትለው ያንኑ ፍቺ ሒጅር ላይ ጻፉት። በኋላ ግን መለስ ብለው ሰረዙት።

ለምን ሰረዙት? በኢስራእ መጨረሻ ላይ ራሳቸው ተናግረዋል። ከላይ ያወሳነውን 85ኛውን አንቀጽ አነሱ። አንቀጹ የሩሕ ዕውቀት የአላህ እንጂ የእኛ አለመሆኑን በግልጽ ወይም ለግልጽ በቀረበ ሁኔታ ስለሚያመለክት እሱን ከመተርጎም መቆጠብ ይሻላል አሉ። ታጁዲን አስ-ሱብኪ በጀምዑል ጀዋሚዕ ኪታባቸው ያስቀመጡትንም አስታወሱ፤ ይዘቱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ሩሕ ምንነት አልተናገሩምና እኛም እንቆጠባለን የሚል ነው። የሚገርመው ይህን የሱብኪን ኪታብ ካብራሩት ዓሊሞች አንዱ ራሳቸው አል-መሐሊ መሆናቸው ነው።

እዚህ ላይ ሦስት አደቦችን እንይ። አንደኛ፣ ሱዩጢ የሰረዙት የራሳቸውን መስመር ነው። የአል-መሐሊን ጽሑፍ አልነኩም፤ እስከ ዛሬ ሱረቱ ሷድ ላይ እንዳለ ይነበባል። ሁለተኛ፣ ልዩነታቸውን ሲገልጹ የሸይኹ ክፍል ከእሳቸው በብዙ ደረጃ እንደሚበልጥ፣ የተለዩባቸውም ቦታዎች አሥር የሚሞሉ እንደማይመስላቸው ጽፈዋል። ሦስተኛ፣ መሰረዛቸውን አልደበቁም፤ ጽፌ ነበር፣ ትቼዋለሁ አሉ። ዛሬ ከመካከላችን የጻፈውን ሰርዞ መሰረዙን የሚናገር ስንት ሰው አለ?

ማንም ሱዩጢን ፈሪ ነበሩ እንዳይል። በዘመናቸው የኢጅቲሃድ ደረጃ ላይ ደርሻለሁ ብለው በይፋ የተናገሩና በዚህም ከእኩዮቻቸው ብርቱ ተቃውሞ የገጠማቸው ሰው ናቸው። ወደ ኋላ ያሉት ከድፍረት ማነስ ሳይሆን ከአንቀጹ ፊት በመቆማቸው ነው።

እርግጥ ነው፣ በጉዳዩ ላይ ዑለማዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አልነበሩም። በአንቀጹ የተጠቀሰው ሩሕ መልአክ ነው ያሉ አሉ። ኢማም ኢብኑል ቀዪም (በ751 ዓ.ሒ የሞቱ) ደግሞ ስለ ሩሕ አንድ ሙሉ ኪታብ ጽፈዋል። በመሆኑም የተናገረውን ሁሉ አጥፊ ማለት አይገባም። የምንይዘው ቁምነገር እርግጠኛ ዕውቀት ከሌለበት ቦታ መቆጠብ የታላላቆች መንገድ መሆኑን ነው።

ቁጥር የቆጠሩ ጊዜ

ውድ አድማጮቻችን፣ ታሪክን በእውነት መናገር አማና ስለሆነ ሌላውንም ገጽ እንግለጠው። ስለ አደም ዛፍ የተቆጠቡት አጥ-ጦበሪ በታሪክ ኪታባቸው የዓለምን ዕድሜ 7,000 ዓመት አድርገው ሲያሰሉ ለዚህ ኡማ የቀረው ግማሽ ቀን፣ ማለትም 500 ዓመት ነው የሚል ግምት ላይ ደረሱ። አምስት መቶው ዓመት አለፈ። ኢብን ኸልዱን (በ808 ዓ.ሒ የሞቱ) ይህን ስሌት ጊዜ ራሱ እንዳፈረሰው አስታውሰዋል። ከአንዳሉስ ዓሊሞች አስ-ሱሀይሊ (በ581 ዓ.ሒ የሞቱ) ደግሞ እንደ አሊፍ ላም ሚም ያሉትን የሱራ መክፈቻ ፊደላት በአብጀድ ሒሳብ ደምረው የኡማውን ዕድሜ ለመገመት ሞክረዋል።

ሱዩጢም ከዚህ አላመለጡም። በ898 ዓ.ሒ አንድ ሰው ዓለም ሺህ ዓመተ ሒጅራ ሳይሞላ እንደምታልፍ የሚገልጽ ጽሑፍ ይዞ መጣ። እሳቸውም ለዚህ መልስ የምትሆን መልእክት ጻፉ። ኡማው ሺውን እንደሚያልፍ፣ ጭማሪው ግን አምስት መቶ እንደማይሞላ ዘገባዎችን ሰብስበው ደመደሙ። ዘገባዎቹ ደካማ መሆናቸውን የሐዲስ ሰዎች አሳይተዋል። የሩሕን ፍቺ የሰረዘው እጅ የቂያማን ዘመን ቆጠረ! ይህን የምናነሳው እነዚያን ዓሊሞች ለማሳፈር አይደለም፤ አላህ ይዘንላቸው፤ ለዕውቀታቸው ባለዕዳ ነን። ነገር ግን ከእነሱ የሚበልጥ ትምህርት ይሰጠናል። ሰው ዓሊም ስለሆነ ከወሰኑ በላይ አያውቅም። ታላቁም ሰው ከአንቀጹ ፊት ሲቆም ይድናል፤ ከወሰኑ ሲያልፍ ይሳሳታል።

በእኛ ዘመን የሆነው ደግሞ ከስሕተትም አለፈ። ግብጽ ተወልዶ አሜሪካ የኖረው የኬሚስትሪ ሰው ረሻድ ኸሊፋ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሱራ መክፈቻ ፊደላትን በኮምፒውተር ቆጥሬ የ19 ቁጥርን ምስጢር አገኘሁ አለ። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ብዙ ሙስሊሞችን አስደስቷቸው ነበር፤ የቁርአን ተአምር በማሽን ተረጋገጠ ተባለ። እሱ ግን በዚያ አላቆመም። ከእነዚያው ፊደላት ቂያማ በ1710 ዓ.ሒ (እ.ኤ.አ. 2280) ነው አለ። ከዚያ ሒሳቡ አልገጥም ሲለው የሱረቱ ተውባህን የመጨረሻ ሁለት አንቀጾች የቁርአን አይደሉም ብሎ ካደ። በስተመጨረሻም ራሱን የአላህ መልእክተኛ ነኝ አለ። ዑለማዎች ከኢስላም ውጭ መሆኑን አወጁ። ቁጥሩን ለቁርአን ማስረጃ ይሆናል ብለው የተቀበሉት ሰዎች ቁርአኑ ለቁጥሩ ሲባል ሲቆረጥ አዩ። ሙተሻቢሁን ያለ ዕውቀት መከተል የት እንደሚያደርስ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አያሻም።

በአገራችን

ወደ ልጃችን ጥያቄ እንመለስ። ወሎም ሆነ ሌላ አካባቢ ባሉ የቂርአት ቦታዎች ደረሳው ተፍሲርን በጀላለይን ይቀራል። ሸይኹ ፊት በርከክ ብሎ በቀራህን ሲከፍት ስለ አሊፍ ላም ሚም የሚያገኘው ማብራሪያ ምንድን ነው? በዚህ የተፈለገውን አላህ ያውቃል የሚል ነው። ዓመታት በነሕውና በሰርፍ የደከመ ደረሳ ወደ ተፍሲር ሲገባ ከሚቀበሉት የመጀመሪያ ትምህርቶች አንዱ አለማወቅን ማወቅ ነው። ሸይኾቻችን ሳያፍሩበት ከትውልድ ወደ ትውልድ ያስተላለፉት ትምህርት ነው።

በ1961 ዓ.ም. ሸይኽ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጅ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ያዘጋጁት የአማርኛ የቁርአን ትርጉም ታትሞ ሲወጣም ተርጓሚዎቹ ይህንኑ አደብ ጠበቁ። እነዚያን ፊደላት በአማርኛ ፊደል በፊደልነታቸው አስቀመጧቸው እንጂ ትርጉም አልፈጠሩላቸውም። አማርኛ ቃል ጠፍቶ አልነበረም፤ ዕውቀቱ የአላህ ስለሆነ ነው።

ይህ ማለት ስለ ፊደላቱ ምንም አይባልም ማለት አይደለም። ቁርአን እናንተ ዘወትር ከምትናገሩባቸው ፊደላት የተሠራ ሆኖ ሳለ ብጤውን ማምጣት አልቻላችሁም ለማለት ነው ያሉ ብዙ ዑለማዎች አሉ። የሱራዎቹ መጠሪያ ናቸው ያሉም አሉ። ለልጁ ይህን መንገር ይቻላል፦ «ልጄ፣ ዑለማዎች እንዲህ እንዲህ ብለዋል፤ ትክክለኛውን ምስጢር ግን አላህ ያውቃል።»

ቤታችን ውስጥ ምን እናድርግ?

የኢብን ዐባስን (ረ.ዐ) አራት ክፍሎች እንያዝ። ማንም የማያመካኝበትን፣ ሰላታችንን፣ ዘካችንን፣ ሐላሉንና ሐራሙን፣ የወላጅና የጎረቤትን ሐቅ፣ በዚህ «አላሁ አዕለም» ብሎ መቀመጥ ስንፍና ነው፤ መማር ግዴታ ነው። በቋንቋ የሚታወቀውን ዐረብኛ ከሚያውቅ እንጠይቅ። ዑለማዎች የሚያውቁትን ከዑለማዎች እንጂ ከገበያ ወሬ አንውሰድ። አላህ ብቻ የሚያውቀውን ደግሞ ለእሱ እንተው።

ይህ ጉዳይ የኪታብ ብቻ እንዳይመስለን። ሰው ሞቶብን ለተዕዚያ ስንቀመጥ እናየዋለን። ልጇን የቀበረች እናት «ሩሑ አሁን የት ነው? ይሰማኛል? ያየኛል?» ብላ ትጠይቃለች። በዚያ ሰዓት አንዱ ተነስቶ ከራሱ ይናገራል፤ ሌላው በሕልም አየሁ ይላል። እናቲቱ በተነገራት ታዝናለች ወይም ትሸበራለች። ለእሷ በእርግጥ የምንነግራት አለን፦ አላህ ከእናት ይልቅ ለባሪያው አዛኝ መሆኑን፣ ሕፃን ልጅ ሞቶባት ለታገሰች እናት የተሰጠውን ተስፋ፣ ዱዓና ሶደቃ ለሟች እንደሚደርስ። እነዚህን በሙሉ ልብ እንንገራት። የሩሕን ምንነትና ያልተነገረንን ዝርዝር ግን ሱዩጢ የሰረዙትን እኛ መልሰን አንጻፈው። ለሐዘንተኛ እርግጠኛ ጥቂት ነገር ከብዙ ግምት ይሻላል።

ውድ አድማጮቻችን፣ ዛሬ ማታ ልጃችሁ ስለ አሊፍ ላም ሚም ቢጠይቃችሁ አትፈሩ፣ አትፈሩም። የምታውቁትን ንገሩት፤ የማታውቁትን ከሸይኽ ጠይቃችሁ ንገሩት፤ ማንም የማያውቀውን «አላህ ያውቃል» በሉት። ልጁ ከዚህ መልስ አባቱና እናቱ ለቁርአን ያላቸውን ክብር ይማራል፤ ነገ ሲያድግም ማንም ቁጥር ቆጥሮ ወይም ሕልም ቆርጦ አያታልለውም።

አላህ የሚጠቅመንን ያሳውቀን፤ ባሳወቀን ይጥቀመን፤ ባላወቅነው ከመናገር ምላሳችንን ይጠብቅልን። ኣሚን።

ወላሁ አዕለም። ወስ-ሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።